ከመሬት የወጣ ሳንቲም እውነተኛ መሆኑ እንዴት ይታወቃል? የአክሱም መሐለቅና የፈላጊው ኃላፊነት

ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲው የንግግር መድረክ የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ



የዛሬው ርእሰ ጉዳያችን በመዳፍ ውስጥ ሊጠፋ የሚችል ትንሽ ነገር ነው። አንድ ሰው ሲያርስ፣ መሠረት ሲቆፍር ወይም በተለምዶ ዲቴክተር የምንለውን የብረታ ብረት መፈለጊያ መሣሪያ ይዞ ሲዞር አንድ አሮጌ ሳንቲም አገኘ እንበል። ወዲያው ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው “እውነተኛ ነው ወይስ ሐሰተኛ?” የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው ቀድሞ የሚሰማው፣ “ስንት ያወጣል?” የሚለው ነው። እኔ ዛሬ የምናገረው ስለ መጀመሪያው ጥያቄ ነው። ስለ ሁለተኛው የምለው ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም የመጀመሪያውን በትክክል እንዳንመልስ ዘወትር የሚያሰናክለን ሁለተኛው ነው።

ለማብራሪያ የምጠቀመው በዋነኛነት የአክሱም ዘመን ሳንቲሞችን ነው። አልፎ አልፎ ግን አባቶቻችን ጠገራ ብር ይሉት የነበረውን የማሪያ ቴሬዛን ብርና የዳግማዊ ምኒልክን ብር አነሣለሁ። ሌላ ካላልኩ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄው ለምን ይጠቅማል?

የአክሱም መንግሥት ከ270 ገደማ ጀምሮ እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በወርቅ፣ በብርና በነሐስ የራሱን ገንዘብ ያሳትም ነበር። ስማቸው በእነዚህ ሳንቲሞች ላይ የተገኘው ነገሥታት 20 ያህል ናቸው። ከእነርሱ መካከል ኢዛናንና ካሌብን የመሳሰሉት በድንጋይ ጽሑፍና በውጭ ሰዎች ምስክርነትም ይታወቃሉ። ነገር ግን እንዱቢስን ውሰዱ፤ አፊላስን ውሰዱ፤ በ4ኛው ክፍለ ዘመን የነገሠውን ወዜባን ውሰዱ። እነዚህ ነገሥታት መኖራቸውን የነገሩን ሳንቲሞቻቸው ብቻ ናቸው። በኋላ ዘመን በብራና የተጻፉት የነገሥታት ዝርዝሮች አብዛኛውን ጊዜ እነዚህን ስሞች አይጠቅሱም፤ ወይም ከሳንቲሙ ስም ጋር ለማጣጣም በሚያስቸግር መልክ ይጠቅሷቸዋል።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ እናስተውል። በሌላ አገር አንድ ሐሰተኛ ሳንቲም ወደ ሙዚየም ቢገባ የሚጎዳው የሙዚየሙ መዝገብ ሊሆን ይችላል። በእኛ ዘንድ ግን ሳንቲም ንጉሥን የሚያስነግሥ ማስረጃ ስለሆነ፣ ሐሰተኛ ሳንቲም ሐሰተኛ ንጉሥ ወይም ሐሰተኛ ዘመን ሊፈጥር ይችላል። በአንጻሩ አንድ እውነተኛ ሳንቲም ባለማወቅ ሐሰተኛ ተብሎ ቢጣል ወይም ቀልጦ የጣት ቀለበት ቢሆን፣ ከዚያ በቀር ምስክር የሌለው አንድ ንጉሥ ለዘለዓለም ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ በሁለቱም ወገን መሳሳት ዋጋ ያስከፍላል።

ለዚህ አንድ የታወቀ ምሳሌ ከአውሮፓ ላቅርብ። በ1713 በትራንሲልቫንያ ተገኙ የተባሉ ጥቂት የወርቅ ሳንቲሞች “ስፖንሲያኑስ” የሚባል የሮማ ንጉሠ ነገሥት ስም ይዘዋል። ይህ ሰው በሌላ በማናቸውም የታሪክ ምንጭ አይታወቅም። ሳንቲሞቹ በማኅተም ተመትተው ሳይሆን በቅርጽ ውስጥ ፈስሰው የተሠሩ ናቸው፤ ጽሑፋቸውም ከዘመኑ ልማድ ይርቃል። በዚህም የተነሣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ ሊቃውንት ሐሰተኛ ናቸው ብለው ዘጉባቸው። በ2022 ግን በግላስጎው በሚገኘው የሃንቴሪያን ሙዚየም ያለውን ሳንቲም በማይክሮስኮፕ የመረመሩ ተመራማሪዎች፣ በገጹ ላይ በረዥም አገልግሎት የመጣ የሚመስል መፋተግና ከላዩ ጋር የተጣበቀ የአፈር ማዕድን አገኘን ብለው፣ ሳንቲሙ እውነተኛ ነው፣ ሰውየውም በእርግጥ ነበረ ሲሉ ጻፉ። ሌሎች የሳንቲም ሊቃውንት ደግሞ አልተቀበሉትም፤ በጽሑፉና በአሠራሩ ላይ ያላቸው ጥርጣሬ እንደጸና ነው። ከ300 ዓመት በኋላም ክርክሩ አልተዘጋም። እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው። የአንድ ሳንቲም እውነተኛነት በአንድ ምልክት ብቻ አይፈረድም፤ እያንዳንዱ ምስክር ለብቻው ይጠየቃል፣ ከዚያም ምስክሮቹ እርስ በርስ ይነጻጸራሉ።

እንግዲህ ምስክሮቹን በየተራ እንጥራቸው።

አንደኛው ምስክር፦ ቦታው

መሣሪያው ጮኸ ማለት ከመሬት በታች ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ነገር አለ ማለት ነው። ከዚህ ያለፈ ነገር አይናገርም። የነገሩን ዕድሜ አያውቅም፤ የአክሱም ነሐስንና ትናንት የወደቀን የጠርሙስ ቆርኪ የሚለይበት መንገድም አስተማማኝ አይደለም። ብዙ ሰዎች “እኔ ራሴ ከመሬት ስላወጣሁት ሐሰተኛ ሊሆን አይችልም” ይላሉ። ይህ አነጋገር ሁለት ነገሮችን ይዘነጋል። ለመንገደኛ የሚሸጥ የማስታወሻ ቅጂ እንደማንኛውም ዕቃ ከኪስ ይወድቃል፤ ከጥቂት ክረምት በኋላም አፈር ይለብሳል። ሆን ብሎ የሚያታልል ሰውም ቅጂውን ቀብሮ ገዢው ፊት ማውጣቱ የቆየ ዘዴ ነው። 

በሌላ በኩል ሳንቲሙ ለቦታው እንግዳ ነው ተብሎ ብቻ ሐሰተኛ አይባልም። በደብረ ዳሞ ገዳም ከ100 በላይ የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተዋል፤ የተሠሩት ከሰሜናዊ ሕንድና ከአካባቢው ነው። በደቡብ የመን አል መዳሪባ በተባለ ስፍራ በ1980 የተገኘው ክምችት ደግሞ 1194 የወርቅ ሳንቲሞች የያዘ ሲሆን፣ 868ቱ የሮማ፣ 326ቱ የአክሱም ናቸው። የቀይ ባሕር ንግድ ሳንቲምን ሩቅ ያስጓዛል።

የአል መዳሪባ ምሳሌ ሌላም ነገር ያስተምረናል። የአክሱም ሳንቲሞች ዓመተ ምሕረት አይጻፍባቸውም። የሮማውያኑ ነገሥታት ዘመን ግን በሚገባ ይታወቃል። ሁለቱ በአንድ ክምችት አብረው በመገኘታቸው የካሌብንና ከእርሱ በፊት የነበሩትን ሳንቲሞች ዘመን ለማስላት ረድተዋል። አንድ ሰው ያንን ክምችት ቆፍሮ ለየብቻው በየገበያው ቢሸጠው ኖሮ እያንዳንዱ ሳንቲም እውነተኛ ሆኖ ይቀር ነበር፤ ዕውቀቱ ግን ይጠፋ ነበር። ስለዚህ ሳንቲም ሲገኝ የመጀመሪያው ሥራ ጉድጓዱን ማስፋት ሳይሆን ቦታውን መመዝገብ ነው፤ ጥልቀቱን፣ የአፈሩን ቀለም፣ አጠገቡ የነበረውን የሸክላ ስባሪ፣ ከሰልና አጥንት። 

ሁለተኛው ምስክር፦ አሠራሩ

ጥንታዊ ሳንቲም በአብዛኛው የሚሠራው በመምታት ነው። አንጥረኛው ልኩን የጠበቀ ጥፍጥፍ ብረት በሁለት የተቀረጹ ማኅተሞች መካከል ያኖርና በመዶሻ ይመታዋል። በዚያ ግፊት ብረቱ ወደ ማኅተሙ ጉድጓዶች ይገባል፤ ወደ ጠርዙም ይሸሻል። በአጉሊ መነጽር ሲታይ የፊደላቱ ጠርዝ ጥርት ያለ ነው፤ ከፊደላቱ ግርጌ ወደ ውጭ የሚዘረጉ ቀጫጭን የፍሰት መስመሮች ይታያሉ፤ ምቱ ሲበረታ ጠርዙ ላይ ስንጥቅ ይፈጠራል። ምስሉ ከመሐል ፈቀቅ ያለ መሆኑም የተለመደ ነው፤ የእጅ ሥራ ነውና።

ሐሰተኛ ሳንቲም በብዛት የሚሠራው በማፍሰስ ነው። አስመሳዩ ከእውነተኛ ሳንቲም ላይ ቅርጽ ያነሣና ቀልጦ የተዘጋጀ ብረት ያፈስበታል። ይህ አሠራር የራሱን አሻራ ይተዋል። ፊደላቱ የሳሙና ጽሑፍ ይመስል የሟሙ ናቸው፤ ሜዳው ላይ ከአየር አረፋ የቀሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ፤ በጠርዙ ዙሪያ የሁለቱ ቅርጾች መጋጠሚያ መስመር ወይም ያንን ለማጥፋት የተፋቀበት የሞረድ ምልክት ይታያል። ጠርዙን ሳያዩ ስለ ሳንቲም መፍረድ አይገባም። በፎቶግራፍ የሚላክልን ሳንቲም አብዛኛውን ጊዜ ጠርዙ አይታይም፤ ስለዚህም በፎቶግራፍ ብቻ “እውነተኛ ነው” ማለት አይቻልም።

በዚህ ረገድ እጅግ ጠንካራው ማስረጃ የመንትዮች ማስረጃ ነው። በአንድ ማኅተም የተመቱ ሁለት እውነተኛ ሳንቲሞች ምስላቸው አንድ ይሆናል፤ ነገር ግን ስንጥቃቸው፣ ከመሐል የተዛወሩበት መጠንና በአገልግሎት የደረሰባቸው ጭረት ይለያያል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ የኖረው የራሱን ኑሮ ነው። ሁለት ሳንቲሞች በአንድ ቦታ አንድ ዓይነት ጭረት፣ አንድ ዓይነት የጠርዝ ስንጥቅ ካላቸው፣ ቢያንስ አንዱ የሌላው ልጅ ነው። ብዙ ጊዜም ሁለቱም የአንድ ሦስተኛ ሳንቲም ልጆች ናቸው።

ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የተመታ ሁሉ እውነተኛ አይደለም። ከ1772 እስከ 1830 የኖረው ጀርመናዊው ካርል ቪልሄልም ቤከር ማኅተሙን በገዛ እጁ እየቀረጸ የጥንት ሳንቲሞችን በመምታት ይሠራ ነበር። አዲስነታቸውን ለመደበቅም ሳንቲሞቹን ከብረት ብናኝ ጋር በሣጥን አድርጎ በሠረገላው ላይ አሥሮ ያዞራቸው እንደነበር ይነገራል። በዘመናችን ደግሞ ማሽን ተጨምሯል። ስለዚህ አሠራሩ ብቻውን አይበቃም።

ሦስተኛው ምስክር፦ ሚዛኑና እፍግታው

ማናቸውም መንግሥት ወርቁን በሚዛን ያወጣል። የእንዱቢስ የወርቅ ሳንቲም 2.7 ግራም ገደማ ይመዝናል። የሮማው ቆስጠንጢኖስ የራሱን ገንዘብ ክብደት ካሻሻለ በኋላ፣ በኢዛና ዘመን የአክሱም ወርቅ ወደ 1.6 ግራም ገደማ ወርዷል፤ ከዚያም በኋላ በዚያው አካባቢ ጸንቷል። እንግዲህ የካሌብ ስም ያለበት፣ 4 ግራም የሚመዝን “ወርቅ” ቢመጣ መጠራጠር ተገቢ ነው። የወርቁ ጥራትም ታሪክ አለው፤ በመጀመሪያዎቹ ነገሥታት ከ90 በመቶ በላይ የነበረው በመጨረሻዎቹ ዘመን እጅግ ቀንሷል። ስለዚህ የመጨረሻ ዘመን ንጉሥ ሳንቲም 99.9 በመቶ ንጹሕ ወርቅ ሆኖ ቢገኝ፣ ንጽሕናው ራሱ ይከስሰዋል።

ሳንቲሙን ሳይጎዱ ጥራቱን የመገመቻ ጥንታዊ ዘዴ አርኪሜዲስ የሰጠን ነው። ሳንቲሙን በአየር መዝኑት፤ ከዚያ በቀጭን ክር አንጠልጥላችሁ በውኃ ውስጥ መዝኑት፤ የአየሩን ክብደት በልዩነቱ አካፍሉት። የንጹሕ ወርቅ ውጤት 19.3፣ የእርሳስ 11.3፣ የብር 10.5፣ የመዳብ 9 ገደማ ነው።

በጠገራው ብር እንሞክረው። የማሪያ ቴሬዛ ብር 28.07 ግራም ይመዝናል፤ ከሺህ 833 እጁ ብር፣ ቀሪው መዳብ ነው። በውኃ ውስጥ 2.75 ግራም ያህል ሊቀንስ ይገባል፤ 28.07 ለ2.75 ሲካፈል 10.2 ይሆናል። ያው ክብደት ያለው፣ ከመዳብና ከኒኬል የተሠራ አስመሳይ ግን 3.15 ግራም ገደማ ይቀንሳል፤ ውጤቱም 8.9 ነው። ልዩነቱ በተራ የወርቅ ቤት ሚዛንም ይታያል። 

ለአክሱም ወርቅ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። 1.60 ግራም የሚመዝን ሳንቲም በውኃ ውስጥ 0.09 ግራም ቢቀንስ ውጤቱ 17.8 ነው። ሚዛናችሁ በ0.01 ግራም ብቻ ቢሳሳትና 0.10 ብታነቡ ውጤቱ 16 ይሆናል። ከፍተኛ ጥራት ያለውና መካከለኛ ጥራት ያለው ወርቅ በዚህች ትንሽ ስሕተት ይምታታሉ። ስለዚህ ለትንሽ ሳንቲም ሚሊግራም የሚለይ ሚዛን ያስፈልጋል፤ በሳንቲሙ ላይ የተጣበቀ የአየር አረፋም መወገድ አለበት። ደግሞም ቱንግስተን የተባለው ብረት እፍግታው ከወርቅ ጋር እኩል ለማለት የሚያስደፍር በመሆኑ፣ ይህ ፈተና ሐሰተኛውን ይጥላል እንጂ እውነተኛውን ብቻውን አያጸድቅም።

ማግኔትን በተመለከተም ነገሩ እንዲሁ ነው። ማግኔት የሳበው “ወርቅ” ወይም “ብር” ወድቋል። ማግኔት ያልሳበው ግን ገና አላለፈም፤ እርሳስንም፣ ናስንም፣ መዳብንም ማግኔት አይስብም።

አራተኛው ምስክር፦ ምልክቱና ጽሑፉ

የአክሱም ሳንቲም የሚነበብ ሰነድ ነው። ከክርስትና በፊት በንጉሡ ራስ አናት ላይ ጨረቃና ክብ ምልክት ይታያል፤ ከኢዛና መጠመቅ በኋላ በቦታው መስቀል ገብቷል። ሁለቱንም ምልክት በየተራ የተጠቀመው ኢዛና ነው። ስለዚህ የእንዱቢስ ስምና መስቀል በአንድ ገጽ ላይ ቢገናኙ፣ ወይ ሳንቲሙ ሐሰተኛ ነው፤ ወይ ንባባችን ልክ አይደለም። በወርቁ ላይ ንጉሡን ግራና ቀኝ የሚያጅቡት የእህል ዘለላዎች፣ በአንድ ገጽ ላይ ዘውድ በሌላው ገጽ ላይ ሻሽ መሰል የራስ መጠምጠሚያ መኖሩም የታወቀ ሥርዓት ነው።

በወርቁ ላይ ያለው ጽሑፍ በአብዛኛው በግሪክ ፊደል ነው። ነገር ግን በዚያ የግሪክ ጽሑፍ መካከል “ብእሲ” የሚል የግእዝ ቃል በግሪክ ፊደል ተጽፎ ከንጉሡ የወገን መጠሪያ ጋር ይገኛል። ግሪክኛ የማያውቅ አስመሳይ ፊደላቱን እንደ ጌጥ ስለሚገለብጣቸው እዚህ ላይ ይሰናከላል። ወዜባ ደግሞ በግእዝ ጽፏል፤ የጻፈውም ፊደላችን ካዕብና ሣልስ የመሳሰሉትን የድምፅ ምልክቶች ከማግኘቱ በፊት በነበረው መልክ ነው። ዛሬ በምንጽፈው ሙሉ ፊደል “ወዜባ” የሚል ሳንቲም ቢቀርብልን፣ ሌላ ምርመራ ሳያስፈልግ ወደ ጎን እናኖረዋለን።

በዳግማዊ ምኒልክ ብር ላይም ጽሑፉ ይረዳናል። ዓመቱ በግእዝ ቁጥር ፲፰፻፹፯ ተብሎ ይገኛል። ይህ የእኛው አቆጣጠር ሲሆን ከ1894 እስከ 1895 ያለውን ጊዜ ያመለክታል። ብሩ የተመታው በፓሪስ ነው። በጥሩ ማሽን የተመታ ስለሆነ የአንበሳው ጋማና የፊደላቱ ጫፍ ጥርት ያሉ ናቸው። በየማስታወሻ ዕቃ ሱቁ የሚታዩት ፈሳሽ ቅጂዎች ግን ጋማውን ወደ ጭቃ ይለውጡታል፤ የግእዝ ቁጥሮቹንም ያደበዝዛሉ።

እዚህ ላይ ግን ከመቸኮል እንቆጠብ። ያልተለመደ ሁሉ ሐሰተኛ አይደለም። በአንድ ገጹ የኡሳናስ፣ በሌላው ገጹ የወዜባ ማኅተም የተመታበት ሳንቲም ይታወቃል። ላይ ላዩን ሲታይ ስሕተት ይመስላል። ሊቃውንቱ ግን ሁለቱ ነገሥታት በዘመን የተቀራረቡ፣ ምናልባትም አብረው የገዙ ለመሆናቸው እንደ ማስረጃ ወስደውታል። ሌላም አለ፤ የአክሱም ነሐስ በፍልስጥኤም ምድር ይዘዋወር ስለነበር፣ እዚያው በጥንቱ ዘመን አስመስለው የሠሯቸው ሳንቲሞች አሉ። እነዚህ የአክሱም መንግሥት ያሳተማቸው አይደሉም፤ የዘመናችን አታላይ የሠራቸውም አይደሉም። ስለዚህ “እውነተኛ ወይስ ሐሰተኛ” ከሚለው ጥያቄ በፊት “የማን ሥራ? በየትኛው ዘመን? ለምን ዓላማ?” ብሎ መጠየቅ ይበጃል።

ጠገራው ብር የዚህ ነገር ዋና አስተማሪ ነው። በላዩ ላይ 1780 ተጽፏል፤ ንግሥቲቱም የሞተችው በዚያው ዓመት ነው። ነገር ግን ብሩ ከዚያ በኋላ በቪየና፣ በኋላም በ20ኛው ክፍለ ዘመን በሮም፣ በለንደንና በሌሎች ከተሞች ያንኑ 1780 እየያዘ ሲመታ ኖሯል። ብሩም፣ ክብደቱም፣ ምስሉም ያው ነው። ይህ አስመስሎ መሥራት አይደለም፤ መንግሥታት በይፋ የሠሩት ነው። ይሁን እንጂ በ1780 የተመታ ነው ብሎ መሸጥ ማታለል ነው። ሐሰቱ ያለው በብረቱ ላይ ሳይሆን በሻጩ ቃል ላይ ነው። የአገራችን ነጋዴዎች ይህን በሚገባ ያውቁ ነበር፤ በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን የዕንቁ ነጠብጣቦች አንድ በአንድ ይቆጥሩ ነበር፤ የደበዘዘውንም አንቀበልም ይሉ ነበር። የአጉሊ መነጽር ሥራ በዓይናቸው ይሠሩት ነበር ማለት ነው።

አምስተኛው ምስክር፦ ልባሱ

ከመሬት የወጣ ነሐስ አረንጓዴ፣ ቡናማ ወይም ቀላ ያለ ልባስ ይኖረዋል። ይህ ልባስ ለመቶዎች ዓመታት ብረቱና አፈሩ ሲነጋገሩ የኖሩበት ውጤት ነው። እውነተኛው ልባስ ከብረቱ ጋር የተዋሐደ፣ በንብርብር ያደገ ነው፤ ሰው ሠራሽ ልባስ ግን እንደ ቀለም ላይ ላዩን ይቀመጣል፤ በፊደላቱ ስንጥቅ ውስጥ ይከማቻል፤ በቤተ ሙከራ በአሴቶን ሲነካ ብዙ ጊዜ ይለቃል። ረጅም ዘመን የተቀበረ ብርም ከውስጥ ስለሚሰባበር እንደ ብስኩት የሚፈረካከስበት ጊዜ አለ። ወርቅ ግን አይዝግም፤ ስለዚህ የሚያብረቀርቅ ወርቅ አዲስ ነው ማለት አይደለም።

በኤክስሬይ የሚሠራው የንጥረ ነገር መለያ መሣሪያ ሳንቲሙን ሳይነካ ስብጥሩን ይነግረናል። በጥንቱ ዘመን ብር የሚነጠረው በእርሳስ ስለነበር ትንሽ እርሳስና ትንሽ ወርቅ አብሮት ይቀራል፤ በዘመናዊ ኤሌክትሪካዊ ዘዴ የተጣራ ብር ይህ አሻራ የለውም። ነገር ግን መሣሪያው የሚያየው ከፀጉር ውፍረት ያነሰውን የላይኛውን ገጽ ነው። በመሬት ውስጥ መዳቡ ከላዩ ተበልቶ ስለሚወጣ፣ የላዩ ብር ከውስጡ የጠራ መስሎ ይታያል። የመሣሪያውን ቁጥር ያለ ባለሙያ ማንበብ ያሳስታል።

እጃችሁን ሰብስቡ

አሁን ወደ ዋናው ልመናዬ ደረስሁ። ሳንቲም ያገኘ ሰው ከሁሉ በፊት የሚያደርገው ማጠብ ነው። ሎሚ ይጨምቅበታል፤ በአመድ ወይም በአሸዋ ያሸዋል፤ በሽቦ ይፍቀዋል፤ አለዚያም አንጥረኛ ዘንድ ወስዶ በመሞከሪያ ድንጋይ ላይ ያስፍቀዋል። በቅንነት የተደረገ ነው። ውጤቱ ግን ከላይ የቆጠርናቸውን ምስክሮች አንድ በአንድ መግደል ነው። ሎሚው ልባሱን ይበላል። አሸዋው የፍሰት መስመሮቹን ያጠፋል። ሽቦው አዲስ ጭረት ይጽፋል። ከዚያ በኋላ ያ ሳንቲም እውነተኛ ቢሆንም እንኳ እውነተኛነቱን ሊመሰክርለት የሚችል ገጽ አይኖረውም።

በአክሱም ሳንቲም ላይ ጉዳቱ ይብሳል። የአክሱም አንጥረኞች በጥንቱ ዓለም አቻ ያልተገኘለት ጥበብ ነበራቸው፤ በአንዳንድ የብርና የነሐስ ሳንቲሞች ላይ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ ላይ ብቻ ስስ ወርቅ ይለብጡ ነበር። ይህ ወርቅ እጅግ ስስ ነው። ለአስመሳይ በትክክል ለመሥራት የሚያስቸግር በመሆኑ ከጠንካሮቹ የእውነተኛነት ምልክቶች አንዱ ነው። በዝገቱ ሥር 1600 ዓመት ያህል ተደብቆ የቆየው ወርቅ በግማሽ ሎሚና በአንድ ጭብጥ አሸዋ ከዝገቱ ጋር ይታጠባል። ያጠበውም ሰው ምን እንዳጠበ አያውቅም።

ስለዚህ የማስተላልፈው መመሪያ አጭር ነው። ሳንቲሙን ጠርዙን ብቻ ይዛችሁ አንሡት። አታጥቡት፤ አትፋቁት፤ በዘይት አትቀቡት። በንጹሕ ወረቀት ጠቅልላችሁ በደረቅ ቦታ አኑሩት። ሁለቱንም ገጽና ጠርዙን ከማስመሪያ አጠገብ አድርጋችሁ ፎቶግራፍ አንሡ። የተገኘበትን ቦታና ቀን ጻፉ። ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ዱቄት በላዩ ላይ ካያችሁ፣ ያ የነሐስ በሽታ የምንለው በክሎራይድ የሚመጣ ብልሽት ሊሆን ስለሚችል፣ ከሌሎች ለይታችሁ ለባለሙያ ፈጥናችሁ አድርሱ።

ሕጉም ይህንኑ ይጠይቃል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ደግሞ ሳይዘገይ ለሚመለከተው አካል እንዲያሳውቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዲጠብቀው ያዝዛል። እንግዲህ መሣሪያ ይዞ በጥንት ፍርስራሽ ላይ መዞር እንደ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ የሚታይ ነገር አይደለም። በአገራችን መሣሪያው በብዛት የሚታወቀው በወርቅ ፍለጋ ስለሆነ፣ ወርቅ ሲፈልግ ሳንቲም ያጋጠመው ሰው ሳንቲሙን በግራም የሚሸጥ ወርቅ አድርጎ እንዳያየው ሥጋት አለኝ። 1.6 ግራም ወርቅ ቀልጦ የሚያስገኘው ገንዘብ በአንድ ወር ያልቃል። የጠፋው ንጉሥ ግን አይመለስም። በእርግጥም አግኚው ብዙ ጊዜ የተቸገረ ገበሬ ወይም የቀን ሠራተኛ ነው። እርሱን “ለአገርህ ስትል” ብለን ብቻ ብንሸኘው ፍትሕ አይሆንም። አዋጁ ያገኘውን ላስረከበ ሰው ተገቢ ሽልማት እንዲሰጥ ያስባል፤ ይህ አሳብ በወረዳ ደረጃ በተግባር እንዲውል፣ አግኚውም ስሙ ከሳንቲሙ መዝገብ ጋር እንዲጻፍ መሥራት የእኛ የምሁራንና የባህል ተቋማት ግዴታ ነው። ሰው ያመጣውን ዕቃ በክብር የምንቀበለው ከሆነ ያመጣል፤ እንደ ሌባ የምንመረምረው ከሆነ ግን ደላላውን ይመርጣል።

በመጨረሻ ስለ ፍርዱ አንድ ቃል ልበል። ባለሙያ ሦስት ዓይነት ፍርድ ሊሰጥ ይችላል፤ “እውነተኛ ነው”፣ “ሐሰተኛ ነው”፣ “ባለው ማስረጃ መወሰን አይቻልም”። ሦስተኛው ፍርድ ሰውን ያሳዝናል፤ አምጪውም ባለሙያው አያውቅም ብሎ ይሄዳል። ሆኖም አምስቱ ምስክሮች ሳይስማሙ ፍርድ መስጠት ታሪክን በግምት መጻፍ ነው። ቦታው፣ አሠራሩ፣ ሚዛኑ፣ ጽሑፉና ልባሱ በአንድ ቃል ሲመሰክሩ፣ ያን ጊዜ በሙሉ አፍ እውነተኛ ነው እንላለን። አንዱ ሲቃወም ምክንያቱን እንፈልጋለን። ሳንቲሙን በወረቀቱ እንደተጠቀለለ ማስቀመጥም ሥራ ነው፤ ከእኛ የተሻለ መሣሪያና የተሻለ ዕውቀት ያለው ተማሪ ነገ ይመጣልና፣ ያልታጠበ ሳንቲም እናቆይለት።